በልቅሶ ቤት የሚጮኽ ማሽን

«ማሽኑ ውስጥ ብር አለ እያልኩህ ነው ጀለሴ። ቢትኮይን ነው። አለበለዚያ ሰው ምን ሆኖ ነው ቀን ከሌት ኮምፒውተር የሚያስሮጠው?»

ሰብለወንጌል ይህን የሰማችው ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ በሁለት እጇ የውሃ ጀሪካን አንጠልጥላ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆም ባለችበት ነበር። ተናጋሪው የአጎቷ የጋሽ ፈቃደ ልጅ ቃለሕይወት ነው፤ አራተኛው ፎቅ መግቢያ ላይ ከጓደኛው ጋር ቆሞ ያጨሳል። ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ወንድሟ የአብስራ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ። ጓደኛው «ታዲያ ፓስዎርዱን ማን ያውቃል?» ሲለው ቃለሕይወት «የሚከፍት ልጅ አለኝ፣ ቦሌ ነው፤ ነገ ድንኳኑ ሲነሳ አወርደዋለሁ። አባዬም እሺ ብሏል» አለ። ሰብለወንጌል ጀሪካኖቹን አንስታ ደረጃውን ጨረሰች። ሁለቱም ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ቃለሕይወት «እህትዬ፣ እኛ እያለን አንቺ ለምን ትሸከሚያለሽ!» ብሎ ጀሪካኖቹን ተቀበላት። ሰጠችው። በዚያ ቤት ከማክሰኞ ወዲህ ሰው ሁሉ ያለቅሳል እንጂ አይነጋገርም ነበር፤ እሷም ልትናገር ስትጀምር ቃሉ ወደ ልቅሶ እየተለወጠ አስቸግሯት ነበር።

ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ ተራቁቶ ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ሶፋው፣ ቡፌው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የአክስቷ አልጋ ሳይቀር የአብስራ ክፍል ውስጥ ተቆልሏል። ከዚያ ሁሉ ክምር መሀል፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ማሽኑ አለ፤ የአብስራ መለዋወጫዎቹን ከመርካቶም ከመገናኛም አንድ በአንድ ለቃቅሞ ራሱ የገጠመው፣ ከትንሽ ሻንጣ የማይተልቅ ጥቁር ሣጥን። ማራገቢያዎቹ ያለ እረፍት ይሽከረከራሉ፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መብራት ይብለጨለጫል። ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ ቤት ይመስላል። ቤቱ ሰው ሲሞላ አይሰማም፤ አልቃሾቹ ለመተንፈስ ዝም ሲሉ ግን ድምፁ ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ወንድሟ የሞተ ዕለት የሰፈር ወጣቶች ዕቃ ሊያወጡ ገብተው አንዱ የማሽኑን ሶኬት ሊነቅል ሲያጎነብስ፣ ሰብለወንጌል ጮኻ እጁን ይዛዋለች። የአብስራ እሑድ ዕለት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ «ሰብልዬ፣ ማሽኑን ብቻ እንዳታጠፉብኝ፤ አሁን የያዘው ካለቀ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ወሬ መስሏት «እሺ፣ እሺ፣ አንተ ብቻ ተነሳ» ብላ አልጋ ልብሱን አስተካክላለት ወጣች።

ሥራው ምን እንደሆነ በራሷ መንገድ ታውቀዋለች። ጌጃ ሰፈር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ጠባብ ሱቅ አላት፤ የአብስራ ማምሻውን ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብሎ እስክትዘጋ ይጠብቃት ነበር። አንድ ምሽት ደስ ብሎት ስለነበር ሁሉንም ነገራት። ፀሐይ የምትነድበትን አነዳድ ምድር ላይ ለማምጣት የሚደክሙ ሰዎች አሉ አላት። እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ፕላዝማ የሚሉት፣ ቀለበት በሚመስል ትልቅ ዕቃ ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ በማግኔት ተይዞ ይንሳፈፋል። ግን ነዳጁ ያልቃል፤ በጠርዙም በኩል እያመለጠ ይወጣል፤ ስለዚህ መመገብ አለበት። ጋዝ ቢነፉበት ከጠርዙ አያልፍም። ስለዚህ ሃይድሮጅኑን አቀዝቅዘው ሽምብራ የምታክል በረዶ ያደርጉትና እንደ ጥይት ይተኩሱበታል።

«እሳት ውስጥ በረዶ?» አለችው፣ መርፌው ላይ ክር እያስገባች። «ወዲያው አይቀልጥም?»

«ይቀልጣል እንጂ። የኔ ጥያቄ የት ድረስ ገብቶ ነው የሚያልቀው ነው። ካለቀስ በኋላ የት ይሄዳል? ከውጭ በኩል ከተወረወረ፣ ከበረዶው የሚወጣው ደመና ወደ ውጭ ይገፋና ያመልጣል። ከቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ከተወረወረ ግን ያው ግፊት ራሱ ወደ መሀል ይዞት ይገባል። ይገባል ብዬ ነው የማስበው።»

«የት አየኸው ይሄን?»

«አላየሁትም። መሣሪያው እዚህ አገር የለም። አሰላዋለሁ።»

በጣም ሳቀችበት። «ያላየውን በረዶ ያላየው እሳት ውስጥ ሲወረውር የሚውል ሰው! እኔ እንኳ አንድ ኮሌታ ሳልለካ አልቆርጥም።» እሱም እየሳቀ የሌሎችን ልኬት ተውሶ እንደሚሠራ ነገራት፤ ከዚያ ተነስቶ የሱቁን ቆርቆሮ በር አወረደላት። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሲመጣ «ዛሬስ በረዶህ የት ደረሰ?» ትለው ነበር።

የቤቱ ባለቤት አክስታቸው እትዬ ሸዋዓለም ናቸው። እናታቸው ስትሞት ሁለቱንም ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ የአብስራን ግን ጡት አጥብተው እንዳሳደጉት ልጅ ነበር የሚወዱት። በዚያ ዓርብ ጠዋት ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ከወረዱ በኋላ ሰብለወንጌልን ወደ ክፍሉ በር ጠሯት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው የሚያጓራው? ልጄ በወጣ በሦስተኛ ቀኑ ክፍሉ ውስጥ መብራት ይጨፍር? ሬዲዮ እንኳ ዘግተን። ሰው ምን ይለናል?»

«ራሱ ነው አታጥፉት ያለው፣ እትዬ። አደራ ነው።»

እትዬ ሸዋዓለም መብራቱን አዩት። «አይጠፋም ካልሽ አይጠፋም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ላጥፋው መች አልኩ። ብቻ ዓይኔን አቃጠለኝ።»

ሰብለወንጌል እንግዳ ልትቀበል ወደ ድንኳኑ ወረደች። ድንኳኑ በብሎኩ ፊት ለፊት፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ተተክሏል። ወንዶቹ በአንድ በኩል ተደርድረው ስለ መብራት ታሪፍ ያወራሉ፤ አንዱ በዚህ ወር የመጣበትን ሲናገር ሌላው «ያንተስ ደህና ነው» ይለዋል። ስኳርም ዋጋው እንደገና እንደወጣ ተነሳ። ከዚያ አንድ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመጡ ሽማግሌ ወደ ጋሽ ፈቃደ ዘንበል ብለው «ልጁ ምን ነበር ሥራው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ፈቃደ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ዘመናቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ኮምፒውተር ይጠግን ነበር» አሉ። ሽማግሌው «ጥሩ ሙያ ነው፣ እንጀራ አያሳጣም» ብለው አዘኑ። ሰብለወንጌል ውሃ የምታድልበትን ትሪ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰማች። የአብስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊዚክስ መማሩን፣ ዶክትሬቱ ሊያልቅ ጫፍ መድረሱን አጎቷ ያውቃሉ። ግን ሰው «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ቢቀጥል የሚመልሱት እንደሌላቸው እሷም ታውቃለች።

ሽማግሌው ሲነሱ ከአጎቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ቃለሕይወት ሊወስደው ነው አሉ።»

«ከሰማሽ ደህና» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ውስጡ የሚገኝ ነገር ካለ ለአርባው ይሆናል፤ ከሌለም ዕቃው ይሸጣል። ክፍሉንም ማከራየት ነው። አክስትሽ በዚህ ኑሮ በምን ትቀመጥ?»

«ሥራው ገና ነው እኮ ጋሼ። ጓደኛው ሞቱማ አንድ ሳምንት ይቀረዋል ብሎኛል። ካለቀ የዩኒቨርሲቲ አማካሪያቸው ጥናቱን በስሙ አሳትምለታለሁ ብሏል፤ ካላለቀ ግን እስካሁን የሠራው ሁሉ ጎዶሎ ይሆናል።»

«ሠራተኛው ከሌለ ምን ሥራ አለ ልጄ?»

በቁጣ አልነበረም ያሉት፤ እንዲያውም በእርጋታ፣ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ነው። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። አዲስ አልቃሾች ከአስፋልቱ በኩል ደረታቸውን እየመቱ መጡና ተነስታ ተቀላቀለች። ስታለቅስም እያሰበች ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሞቱማ ከመምህራኑ ጋር ይመጣል፤ እሱ ለአጎቴ ቢነግርልኝ፣ የተማረ ሰው ቃል ይሰማሉ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ካልሆነም ጌጃ ሰፈር ሱቄ አስገብቼ በልብስ ስፌቱ ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ። ግን ለመውሰድ መንቀል ያስፈልጋል፤ ሲነቀል ምን እንደሚሆን አታውቅም።

ወደ ላይ የወጣችው ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት አሮጊቶች ብቻ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ጫማዋን እያወለቀች ትንሽ ቆየችና፣ ጸጥታው ከልክ ያለፈ መሆኑ ድንገት ገባት። ሶፋውን ዘላ፣ አልጋውን ተሻግራ ወደ ማሽኑ ደረሰች። ማሽኑ አይታይም። ከላይ እስከ ታች የአብስራ ጋቢ ለብሷል፤ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ጫፎቹ ከሥሩ እንደ ሕፃን መጠቅለያ ተወሽቀው። መስኮቱም ተዘግቶ መጋረጃው ወርዷል። ጋቢውን ስትገፍፈው ሙቀቱ ፊቷን መታት። ሣጥኑ እጅ አያስነካም፤ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፣ ሰማያዊው መብራትም ጠፍቷል። ጋቢውም ሞቆ ነበር፤ ሰው ገና አሁን ከትከሻው አውልቆ ያስቀመጠው ይመስላል።

«አላጠፋሁትም።»

እትዬ ሸዋዓለም በሩ ላይ ቆመዋል። «በእመቤቴ፣ ማጥፊያውን አልነካሁም። መብራቱ ለሰው እንዳይታይ ብዬ ነው የሸፈንኩት። ድምፁም ዝቅ አለልኝ፤ ኋላ እንደውም ዝም ሲል ተኛ ብዬ...» የሰብለወንጌልን ፊት አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ምን አደረግሁት?»

ሰብለወንጌል ልትጮኽ አፏን ከፍታ ነበር። ሰባት ሰዓት ያህል የዋጠችው ሁሉ፣ የደረጃው ወሬ፣ የአጎቷ መልስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሊወጣ ደርሶ ነበር። አሮጊቷ ግን እዚያው እንደቆሙ አንሰው፣ ጥፋቱን ሳያውቁት ተቀብለው፣ የሚነገራቸውን ይጠብቃሉ። ሰብለወንጌል ጋቢውን አጣጠፈችና «ሙቀት አይወድም፣ እትዬ» አለች። መስኮቱን ከፈተችው። የማብሪያውን ቁልፍ ለመጫን ግን ፈራች፤ ሞቱማ እስኪመጣ ሁለቱም የአልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ ጠበቁ።

ሞቱማ ቀጭን፣ ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት የቀሉ የአምቦ ልጅ ነው። አስተማሪዎቹን ድንኳን ውስጥ ትቶ ብቻውን ወጣ። ሣጥኑን በመዳፉ ነካው፤ ጎኑን ፈቶ አቧራውን በትንፋሹ አራገፈ፤ ከዚያ እስኪበርድ ጠበቀ። ወሬው በየት እንደደረሰ አይታወቅም፣ ቃለሕይወት ከጓደኛው ጋር ከኋላ መጥቶ ሶፋ ላይ ወጥቶ ቆመ። ጋሽ ፈቃደም ደረጃውን ከወጡበት ድካም ሳያገግሙ በሩን ተደግፈዋል። ሞቱማ ቁልፉን ሲጫን ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ እትዬ ሸዋዓለም «ተመስገን» አሉ።

«ገና ነው እማማ» አለ ሞቱማ። «መነሳቱ ብቻ አይበቃም። ስሌቱ የደረሰበትን ካላስቀመጠ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ከመጀመሪያ ከሆነ ደግሞ አንድ ወር ተኩል ነው።»

ቃለሕይወት ታግሶ ታግሶ አልቻለም። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቃለህና ቁርጡን ንገረን። ቢትኮይን አለው የለውም?»

«የለውም።»

«ትንሽም?»

«ና ራስህ እይ» አለው ሞቱማ ፊቱን ሳያዞር። ፓስዎርዱን መታ፤ አብረው ነበር የሚሠሩትና ያውቀዋል። ቁጥር ብቻ የሞላበት ጥቁር መስኮት ተከፈተ፤ ቃለሕይወት ቁጥሩን ሲያይ ለቅጽበት ዓይኑ በራ። ከዚያ ሞቱማ ሥዕሉን አመጣለት። ለሁለት የተቆረጠ ቀለበት ይመስላል፤ መሀሉ ቀይ፣ ወደ ጠርዙ እየደበዘዘ ሰማያዊ የሚሆን። ከውስጠኛው ጎን አንዲት ነጭ ነጥብ ተነሳች፤ እየገባች፣ እየሟሟች፣ ከኋላዋ ጭስ የመሰለ ነገር እያስከተለች ሄደችና ቀዩ ሳይደርስ ሥዕሉ ቆመ።

«ቀዩ እጅግ የጋለው ነው፤ ነጯ በረዶዋ ናት። እስከዚህ ነው የተሰላው» አለ ሞቱማ። «ከውጭ የተወረወረውን አብረን ጨርሰናል፤ አልገባም። ይሄኛው የሱ ሐሳብ ነው። ይግባ አይግባ አናውቅም።»

«ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚያጣው?» አለ ቃለሕይወት። ሊሳለቅ ነበር የጀመረው፤ መሀል ላይ ድምፁ ከዳው። እሱና የአብስራ አብረው በዚህ ክፍል ስንት ሌሊት እንዳደሩ፣ እሱ ፊልም ሊያይ ሲፈልግ የአብስራ ኮምፒውተሩን አልሰጥም ብሎ ስንቴ እንደተጣሉ ሰብለወንጌል ታስታውሳለች። ቃለሕይወት ዞር ብሎ ክፍሉን አየና «እዚህ እኮ ሰውም ይታፈናል» አለ፤ ጓደኛውን ጠርቶ የሶፋውን አንድ ጫፍ አነሳ። አባቱ በሩ ላይ መንገድ ዘግተው ቆመው ነበር። ልጃቸውን አዩት፣ የቆመውን ሥዕል አዩት፤ ከዚያ ጎን ለቀቁ።

«አልጋውንም ወደ ኮሪደር አውጡት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ሞቱማን «ስንት ቀን ይፈልጋል?» ብለው ጠየቁት።

«የተቀመጠ ካገኘሁ አሥር ቀን ገደማ። ካልሞቀ።»

ጋሽ ፈቃደ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ክፍሉ ኪራይ ምንም አላነሱም፤ እሺም አላሉ። ብቻ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ቆም ብለው «ስሙ ምንድን ነው ያ የጋለው ነገር?» ብለው ሰብለወንጌልን ጠየቋት። «ፕላዝማ» አለቻቸው። «ፕላዝማ» ብለው ደገሙት፤ እየወረዱም አንዴ ለራሳቸው ሲሉት ሰማቻቸው።

ሞቱማ የተቀመጠውን አገኘው። የአብስራ ዲስኩ እንዳይሞላበት ብሎ ስሌቱ የደረሰበትን አራርቆ እንዲያስቀምጥ አድርጎት ነበርና፣ ለመጨረሻ ጊዜ ካስቀመጠው ወዲህ የተሰላው ሁሉ ጠፍቷል። የቀረውን አስነሳው፤ ቁጥሮቹ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ለሰብለወንጌል የትኛውን መስመር እንደምታይ፣ ቢቆም ለማን እንደምትደውል አሳያት። ከዚያ የጓደኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደነበር ድንገት እንደገባው ሰው ብድግ አለ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሲደርስ የጮኸው ጩኸት እስከ አራተኛ ፎቅ ተሰማ።

ፀሐይ ወደ ኮልፌ በኩል ስታዘቀዝቅ እንግዳው ሳሳ። ሰብለወንጌል ብርጭቆ አጥባ ስትመለስ እትዬ ሸዋዓለምን ማሽኑ አጠገብ፣ ባዶ በሆነው ወለል ላይ ዝቅ ባለ ዱካ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከታሸገ ውሃ ካርቶን ላይ አንድ ገጽ ቀድደው የሣጥኑን ጎን እያራገቡ ነው፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን እንደሚያራግብ ሰው፣ በግራ እጃቸው ደጋግመው ሣጥኑን እየነኩ። ማንም አላዘዛቸውም። ሰማያዊው መብራት ፊታቸው ላይ ይብለጨለጫል።

«ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ደህና ነው፤ ለብ ብሏል።» ትንሽ አራገቡ። «አሁን የት ደረሰ?»

ሰብለወንጌል አጎንብሳ ሞቱማ ያሳያትን መስመር አየች። «የቀጠለው ማክሰኞ ጠዋት ካስቀመጠው ላይ ነው። አሁን እዚያው አካባቢ ነው፣ እትዬ።»

ካርቶኑ ቆመ።

«ማክሰኞ ጠዋት» አሉ እትዬ ሸዋዓለም። «አጥሚት ይዤለት የሄድኩ ጊዜ?»

«አዎ።»

«ሁለት ማንኪያ የቀመሰልኝ ጊዜ። ‹ይጣፍጣል እቴቴ፣ የቀረውን ከሰዓት እጨርሰዋለሁ› ያለኝ።»

ሰብለወንጌል አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ሸዋዓለም በግራ እጃቸው ሣጥኑን ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ካርቶኑን አንስተው እንደገና ማራገብ ጀመሩ፣ ከበፊቱ ዝግ ብለው።

«እንዲያ ከሆነ ቀስ ይበል» አሉ። «ማንም አያቻኩለው።»